ያልታን ያቋረጥኩ ዕለት

ባለፈው ሰሞን ጊዮርጊስ አስቀድሼ ስወጣ የወንድሜ ልጅ ሜሮን በር ላይ ጠበቀችኝና ከቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለው ካፌ ገባን። እሷ የጾም ማኪያቶ አዘዘች፤ እኔ ሻይ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ዜና ያሳያል። የሁለት ኃያላን መንግሥታት መሪዎች ረጅም ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠው በሌላ አገር ስለሚካሄድ ጦርነት ይነጋገራሉ። ጦርነቱ ካለበት አገር የመጣ ሰው በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ዜና አንባቢዋ ይህን ስትናገር ድምጿ አልተለወጠም፤ ውጤቱ ለአገሩ ሰዎች በኋላ ይገለጽላቸዋል አለችና ወደ አየር ሁኔታ አለፈች።

አጠገባችን የተቀመጠ፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ ጎልማሳ፣ «ትልልቆቹ ከተስማሙማ አለቀ!» አለ ለጓደኛው።

«ምኑ ነው ያለቀው?» አልኩት።

ሜሮን ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ነካ አደረገችኝ። «እትዬ፣ በናትሽ ተይ። የማናውቀው ሰው እኮ ነው።»

ተውኩት። ዝምተኛ ነኝ፤ ከሰው ጋር ከማውራት መጽሐፍ ይቀለኛል፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ይህን ይመሰክራሉ። ግን አንዳንድ ነገር አለ፣ ሲነካ ዝምታዬን የሚያስረሳኝ። ይቺ ደግሞ ገና በወጣትነቴ የተቀጣሁባት ነገር ናት። ሜሮን ማኪያቶዋን እያማሰለች «ምን አድርገሽ ነው የተቀጣሽው?» ስትለኝ ነገርኳት። እዚህ የምጽፈው ያንኑ ነው፤ ለእሷ ስነግራት የዘለልኩትን ብቻ ጨምሬበታለሁ።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። እናቴ አትክልት ተራ ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጥ ነበር፤ እኔም እኩዮቼ ቦርሳ አንጠልጥለው ሲያልፉ ጥቅል ጎመን እየላጥኩ አያቸው ነበር። የላይ የላዩን የጎመን ቅጠል እየገነጠሉ መጣል ሥራዬ ነበር፤ ዛሬም ጎመን ስገዛ እጄ ሳላዘው ይሄዳል። ፊደል ስቆጥር ጡት አብቅዬ ነበር። ስለዚህ ስምንተኛ ክፍል ስደርስ አብሮ አደጎቼ ልጅ አዝለው ገበያ ይመጡ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከልጆች ጋር በአንድ ዴስክ ተጣብቤ እቀመጣለሁ። የክፍሌ ልጆች «እትዬ» ይሉኝ ነበር። ግማሾቹ በአክብሮት፣ ግማሾቹ በፌዝ፤ ከማል የሚባለው ግን በሁለቱም።

ከማል የራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ልብስ ሰፊ የአቶ ሰይድ ልጅ ነው። አባቱ ከወሎ መጥተው አራዳ የሰፈሩ፣ ቃላቸው ጥቂት የሆነ ሰው ነበሩ፤ ልጁ የአባቱንም ድርሻ ጨምሮ ያወራ ነበር። ትምህርት ቤታችን ከጊዮርጊስ ወደ ድልድዩ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው የመምህሩን ድምፅ ይውጠዋል፤ ያን ጊዜ ከማል ተነሥቶ መምህሩ የሚሉትን በእጁ ይተረጉምልን ነበር።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። የታሪክ መምህራችን መምህር ታፈሰ ይባላሉ። እንግሊዝ አገር ደርሰው የመጡ፣ ፀሐዩ ቢከርርም ከረባታቸውን የማያላሉ፣ መጽሐፍ ሲይዙ ሕፃን የያዙ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። እወዳቸው ነበር። የምጽፈው ነገር ያንን እንዳያስረሳ ብዬ ነው አስቀድሜ የተናገርኩት። መጽሐፍ የሚያውሱኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ መልሼ ሳመጣ ደግሞ አንብቤው እንደሆነ ለማወቅ ይፈትኑኝ ነበር።

በሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ለወላጆች በዓል የሚቀርብ ተውኔት ጻፉ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል የሦስቱ የቃል ኪዳን አገሮች መሪዎች ክራይሚያ ውስጥ ያልታ በምትባል ከተማ ተቀምጠው ከጦርነቱ በኋላ ዓለም እንዴት እንደምትሆን የመከሩበትን ጉባኤ ነበር የጻፉት። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ከማል ሆነ፤ ሲጋራው የቀረፋ እንጨት ነበር። የሶቪየቱ መሪ ዳዊት የሚባል ጭምት ልጅ ሆነ፤ ሪዙን በተቃጠለ ቡሽ ሣልንለት። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ስለነበሩና ወንበሩ ስላልተገኘ፣ እናቴ አትክልት ተራ ከሚሠራ ተሸካሚ የእጅ ጋሪ ለመነችልን። ፕሬዝዳንት የሆነው ሰሎሞን ጋሪው ላይ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ፕሬዝዳንቱ እስከ መጨረሻው ጎመን ጎመን ይሸት ነበር።

እኔ ሻይ አቅራቢ ነበርኩ። ቃል የለኝም፤ ሦስት ብርጭቆ አስቀምጬ፣ ጎንበስ ብዬ መውጣት ነው። አልከፋኝም፤ መድረክ አልወድም። የከፋኝ ሌላ ነው። ልምምድ ላይ ከማል ካርታው ላይ ጣቱን ከቀይ ባሕር ወዲህ ያሳርፍና «ጣሊያን ትታው የሄደችውን ደግሞ ለጊዜው እኛ እንያዘው፤ ቆይተን እንነጋገርበታለን» ይላል። ሁለቱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ሻዩን አስቀምጣለሁ።

«መምህር» አልኩ አንድ ቀን ልምምድ ሲያበቃ፣ «ያ ጣት ያረፈበት አገር ሰው የለበትም?»

«አለበት እንጂ።»

«ታዲያ አንድ ሰው ገብቶ 'እኛስ?' ብሎ አይጠይቅም?»

«ጥሩወርቅ፣ ታሪክ እንደነበረ ነው የሚነገረው። ሦስት ነበሩ። አራተኛ ሰው ከየት አምጥቼ ላስገባ?»

«አራተኛ መሪ ያስገቡ አላልኩም። ሦስት መሆናቸውንም አልክድም። ግን ሦስት የሆኑት ሌላው ሰው ስላልነበረ አይደለም፤ ስላልተጠራ ነው። ያም እኮ ታሪክ ነው።»

መምህር ታፈሰ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሊመልሱልኝ የነበረ ይመስለኛል፤ ግን ዳይሬክተራችን አቶ በዛብህ በር ላይ ቆመው ሰምተውን ነበር። አቶ በዛብህ ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚከታተላቸው የሚመስሉ ሰው ነበሩ።

«ስሚ» አሉኝ፣ «እንግዳ ከመንግሥት ይመጣል። ስለዚህ አገር በመድረክ ላይ የሚነገረውን የምንመርጠው እኛ ነን። ሚኒስትሪ የሚያስፈትንሽ ይህ ትምህርት ቤት መሆኑን አትርሺ። ዕድሜሽንም አትርሺ።»

አልረሳሁም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ከፊታችን ነበር። በዚያ ዕድሜዬ አንድ ዓመት ብዘገይ ለከርሞ የሚቀበለኝ አልነበረም። እናቴ ጋ ደግሞ ከጉለሌ አንድ ባለ ወፍጮ፣ ሊያገባኝ ሽማግሌ ልኮ፣ መልሱ እስከ ሰኔ ይቆይ ተብሎ ነበር። ከተፈተንኩ እማራለሁ፤ ካልተፈተንኩ ወፍጮ ቤት እገባለሁ። ነገሩ ይኸው ነበር።

በዓሉ የዋለው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጠዋት ዘንቦ ስለነበር ሰዉ ሁሉ ጫማው ላይ ጭቃ ይዞ ገባ። አዳራሹ በእርጥብ ጋቢና በቦምቦሊኖ ሽታ ታፈነ። ፊት ለፊት እንግዳው በጥቁር ሙሉ ልብስ ተቀመጡ፤ ከኋላቸው የጊዮርጊስ ሰፈር ወላጆች፣ የድልድዩ ነጋዴዎች፣ የአትክልት ተራ ሴቶች ከነእናቴ፣ ባለ ጋሪውም ሳይቀር ጋሪውን ሊጠብቅ መጥቶ።

ተውኔቱ ጥሩ ነበር የሄደው። ከማል ቀረፋውን እያጨሰ ሕዝቡን አሳቀ። ከዚያ ያቺ ቦታ ደረሰች። ጣቱን ካርታው ላይ አሳረፈ፣ ቃሉን ተናገረ፣ ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ሁለቱን ብርጭቆ አስቀምጬ ነበር። ሦስተኛው እጄ ላይ ቀረ።

«ጌቶች» አልኩ። ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም። «ያ ጣትዎ ያረፈበት ቦታ ሰው አለበት። እዚህ ግን አልተጠራም። ስለ እሱ የተባለውን ማን ይነግረዋል?»

መምህር ታፈሰ ከመጋረጃው ጀርባ «ውጪ! ውጪ!» እያሉ ሲያንሾካሽኩ ይሰማኛል። ከማል ለአፍታ ደነገጠ፤ አፉ ግን ከእሱ ቀድሞ ይሠራ ስለነበር ወዲያው መለሰ፦

«ይቺ ደግሞ ማናት? ሻይ እንጂ ጥያቄ አላዘዝንም!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ሁሉም ቀልድ መስሎት ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ግን ከወላጆቹ መካከል አንድ ሽማግሌ በትራቸውን መሬት እየመቱ ተነሡ። የዳዊት አያት አባባ ወልደየስ ናቸው። በወጣትነታቸው መንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች ያገኙትን አላፊ አግዳሚ አስቁመው «ፍረደን» የሚሉበትን ዘመን የኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በችሎት ደጃፍ የጨረሱ ሰው ነበሩ። ጠረጴዛና ሦስት ሰው ከታየ ለእሳቸው ሸንጎ ነው።

«ዝም በሉ!» አሉ። «ልጅቷ ነገር አነሣች። የተነሣ ነገር በሳቅ አይታለፍም። አንተ ባለ ቀረፋ፣ መልስ ስጣት!»

«አባባ፣ እኔ እኮ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ነኝ» አለ ከማል።

«ብትሆንስ? ጠቅላይ ሚኒስትር አይከሰስም ያለህ ማነው? ይቆራኙ!»

ለማያውቅ ሰው፦ በጥንቱ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ የልብሳቸው ጫፍ ከልብሳቸው ጫፍ ጋር ይታሰር ነበር። ሁለት ሰዎች እየሳቁ ይሁን ከልባቸው፣ ዛሬም አላውቅም፣ መድረክ ላይ ወጥተው የነጠላዬን ጫፍ ከከማል ኮት ጫፍ ጋር ቋጠሩት።

«ኧረ ቀስ!» ብሎ ጮኸ ከማል። «ኮቱ የደንበኛ ነው! አባቴ ይገድለኛል!»

አባባ ወልደየስ ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩ። «አንተስ ዳዊት? በእናትህ ቤት ዳቦ ቆርሰህ የማታውቅ፣ የሰው አገር ትቆርሳለህ?» ዳዊት ሪዙን በእጁ ሸፈነ። ሰሎሞን ፕሬዝዳንትነቱን አስታውሶ «ክቡራን፣ ለዓለም ሰላም ሲባል...» ብሎ ሲጀምር ባለ ጋሪው ከኋላ «ጋሪዬ ላይ ተቀምጠህ አትፍረድ!» አለው።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኔ በትራቸውን አነሡ። «በይ፣ ነገርሽን ተናገሪ።»

ተናገርኩ። ያነበብኩትን ብቻ ተናገርኩ፤ አንዲት ቃል አላጋነንኩም። በዚያ ዘመን በቀደምትነት ከተወረሩት አገሮች አንዷ እኛ መሆናችንን፤ ጦርነቱ ሳያልቅ የቃል ኪዳኑን ሰነድ ከፈረሙት ጋር መፈረማችንን፤ ሦስቱ ያልታ ላይ ሲቀመጡ ኦጋዴን ገና በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ እንደነበረ። «ከጉባኤው በኋላ» አልኩ፣ «የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ሲመለሱ ግብጽ ውኃ ላይ በቆመ መርከብ ንጉሠ ነገሥታችንን አነጋግረዋል። ጥሩ ነው። ግን ከጉባኤው በኋላ ነው።»

የንጉሠ ነገሥቱ ስም ሲጠራ አዳራሹ የመዝጊያ ንግግር መሰለውና እንደ ልማዱ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሰው ሁሉ ቆሞ ሳለ መቀመጥ ስላልቻሉ እንግዳውም ተነሡ። መምህር ታፈሰ ያቺን ደቂቃ አግኝተው መጋረጃውን ሳቡ። እኔና ከማል ከመጋረጃው ጀርባ አሁንም ተቋጥረን ነበር፤ ጨርቁ እርጥብ ስለነበር ቋጠሮው እምቢ አለ። «እትዬ» አለኝ ቋጠሮውን በጥርሱ እየሳበ፣ «ለሌላ ጊዜ አገር ስትጠይቂ ከሩሲያው ጋር ተቋጠሪ።»

ሰኞ ጠዋት አቶ በዛብህ ከበር መለሱኝ። እንግዳ አሳፍሬአለሁ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ አልተጠሩም ብያለሁ። «ይህን ማን ለማን ጆሮ እንደሚያደርሰው ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ፈርተው ነበር፤ አሁን ሳስበው ፍርሃታቸው የውሸት አልነበረም። ወላጅ ይዤ እስክመጣ፣ ትምህርትም ፈተናም የለም።

እናቴ ብቻዋን አልመጣችም። አባባ ወልደየስንና የአጥቢያችንን አንድ ቄስ ለምና ይዛ መጣች። መምህር ታፈሰም ተጠሩ። አምስቱ ቢሮ ገቡ። እኔ ልከተል ስል አቶ በዛብህ «አንቺ ውጭ ጠብቂ» ብለው በሩን ዘጉት።

ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። በሩ ስስ ጣውላ ነበር፤ ሁሉም ይሰማል። በመጀመሪያ ጮክ ጮክ ተባባሉ፤ ከዚያ ድምፁ እየለዘበ፣ እየተግባባ ሄደ። «ልጅ ናት» አሉ ቄሱ። «ብርቱ ተማሪ ናት» አሉ መምህር ታፈሰ። «እኔም አንተም ልጆች አሉን» አሉ አባባ ወልደየስ። ክፉ የተናገረ አልነበረም፤ ሁሉም ለእኔ ነበር የሚያስቡት። የተስማሙት ይህ ነው፦ ዓርብ ጠዋት ባንዲራ ሲወጣ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት፣ ድንጋይ ተሸክሜ «ተሳስቻለሁ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» እላለሁ። በዚያ ይቅር ተብዬ እፈተናለሁ። እናቴ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ቄሱ ምርቃት ጀመሩ።

ምርቃት ከተጀመረ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ምርቃት የሚያቋርጥ ሰው ደግሞ በአገራችን ምን እንደሚባል ማንም ያውቃል። በሩን ከፈትኩ።

«ጥሩወርቅ!» አለች እናቴ። «እየተመረቀልሽ እኮ ነው!»

«ሳይመረቅ ልናገር እማዬ። የእኔ ጉዳይ ከሆነ እኔም ልኑርበት።»

«እኛ ጨርሰንልሻል፣ ልጄ» አሉ አባባ ወልደየስ።

«አባባ፣ ቅዳሜ ዕለት የተነሣ ነገር በሳቅ አይታለፍም ብለው፣ ለእኔ እንግሊዝን ያህል አቁመው ነበር። ዛሬ በምርቃት ሊያልፍ ነው?»

«ለልጅ ሽማግሌ ይናገርለታል።»

«እንግሊዞቹም ስለ እኛ እንዲሁ ነበር የሚሉት።»

አቶ በዛብህ ከወንበራቸው ተነሡ። ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ቀሩ። አባባ ወልደየስ ግን ረጅም ጊዜ ተመለከቱኝና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ እየሳቁ ነበር። መምህር ታፈሰ የራሳቸውን ወንበር ወደ እኔ ገፉና እሳቸው መስኮቱን ተደግፈው ቆሙ።

ተቀመጥኩ። «የመምህሬን ድካም አቋርጫለሁ» አልኩ። «ለዚያ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ፤ አሁን፣ እዚሁ።» ተነሥቼ ጉልበታቸውን ልስም ስል አነሡኝ። «ስለጠየቅኩት ግን ተሳስቻለሁ አልልም። አልተሳሳትኩም። ድንጋይም አልሸከም። ሁለተኛ አልጠይቅም ብዬም ቃል አልገባም።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ክፍል አትገቢም!» አሉ አቶ በዛብህ።

«ፈተናውስ?»

አቶ በዛብህ መምህሬን አዩ። መምህር ታፈሰ ከመስኮቱ አጠገብ ሆነው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ትፈተን» አሉ። አባባ ወልደየስም «ይሄማ ፍርድ ነው። ክፍል አትግባ፣ ፈተና ትግባ» ብለው በትራቸውን መቱ። አቶ በዛብህ እንግዳው ቢጠይቋቸው ይህን ቀጣኋት የሚሉትን አግኝተዋል፤ ወደ እኔ ዞረው «ትቀበያለሽ?» አሉኝ።

«እቀበላለሁ።»

ቄሱ ምርቃቱን ከመጀመሪያው ጀመሩት። እናቴ «አሜን» በማለት ፈንታ ታለቅስ ነበር።

ግንቦትን ሙሉ አትክልት ተራ፣ ከሽንኩርት ከረጢት ጀርባ፣ ዝናብ በላስቲክ ጣራው ላይ እየዘነበ አጠናሁ። ከባድ ነበር። በተለይ ሒሳብ፣ ሰው ሳያስረዳህ፣ ግድግዳ ነው። አንዳንድ ቀን ድንጋዩ ይሻለኝ ነበር ብዬ አስብ ነበር፤ የድንጋዩ ነገር በአንድ ጠዋት ያልቅ ነበር። ከማል ከትምህርት ሲመለስ ቦምቦሊኖ በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣና የዕለቱን ትምህርት ይነግረኝ ነበር፤ ግማሹን ራሱ የፈጠረው ስለሆነ የቱ እውነት እንደሆነ ለማጣራት መጽሐፍ ማገላበጥ ነበረብኝ። ምናልባት በዚያ ነው የበረታሁት። ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ባለ ወፍጮው ሌላ አገባ።

የሜሮን ማኪያቶ ቀዝቅዞ ነበር። «እትዬ» አለችኝ፣ «አንዴ 'ይቅርታ' ብለሽ ብትገላገዪስ? ያው መቀጣትሽ አልቀረ።»

ይህን የሚጠይቀኝ እሷ ብቻ አይደለችም። እናቴ እስክትሞት ጠይቃኛለች። የተለየ መልስ የለኝም። አዎ፣ ተቀጥቻለሁ፤ ምናልባትም እነሱ ከቆረጡልኝ በከፋ። ግን ያን ቅጣት ስሸከም ምን እንደተሸከምኩ አውቅ ነበር፤ ያልሆንኩትን ነኝ ብዬ አልተሸከምኩም። ለእኔ ያሰቡ ደግ ሰዎች ነበሩ በዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩት። የሰው ደግነት ግን በሰው ፋንታ አይናገርም። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ጆሮዬን ጣውላ ላይ ለጥፌ ነው።

ባለ ጃኬቱ ሰውዬ ለካስ ይሰማ ነበር። «እማማ» አለኝ ዞሮ፣ በትሕትና፣ «ያ ለትምህርት ቤት ነው። እነዚህ ግን» ቴሌቪዥኑን በአገጩ አሳየኝ፣ «እነዚህ እኮ ኃያላን ናቸው። የአገሩ ሰዎች ቢገቡስ ምን ይለውጣሉ?»

«ላይለውጡ ይችላሉ» አልኩት። «አንተ ግን ሳይገቡ አለቀ አልክ።»

ዜናው ተመልሶ መጣ። ሁለቱ መሪዎች ከአዳራሹ ወጥተው እየተጨባበጡ ፎቶ ይነሣሉ። አስተናጋጁን ጠርቼ ድምፁን እንዲጨምርልኝ ጠየቅኩት። ያልተጠራው አገር ስም እስኪነሣ ጠበቅኩ። አልተነሣም። እኔ ስሙን ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ ካፌው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ሜሮን አንገቷን ደፋች። ደግሜ ተናገርኩት።